በመጽሐፉ ሁለት፣ በጌጁ አንድ

«ጋሽ ግፊት» የሚለውን ስም ያወጡለት የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢዎች ናቸው። እሱም አልጠላውም። ሃያ ሁለት ዓመት ከእንፋሎት ጋር ሲታገል ለኖረ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ስም ይወጣለታል? ትምህርቱን ያቋረጠው ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ያስተማረው የሆስፒታሉን እንፋሎት የሚያፈላው ቦይለር ነው፤ አንዳንዴ በትዕግሥት፣ አንዳንዴም ክንዱን ልጦ።

አንጀቱን ያሳረረው ግን እሳቱ ሳይሆን መለኪያው ነው። ሥራ ሲጀምር የቦይለሩ የግፊት መለኪያ፣ ጌጁ፣ የሚናገረው በኪሎ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ፓምፕ በባር ሆነ። የውሃው መስመር ሲቀየር ደግሞ ፓውንድ መጣ። ሐኪሞቹ በበኩላቸው የሰውን የደም ግፊት በሜርኩሪ ሚሊሜትር ይለካሉ።

«ፈጣሪ አየሩን አንድ አድርጎ ሰጠን፤ እኛ አምስት ስም አወጣንለት!» ይላል ሁልጊዜ።

ቢቸግረው ከቦይለር ክፍሉ በር ጀርባ በጠመኔ ሰንጠረዥ ጻፈ። አንድ አትሞስፌር፣ አሥራ አራት ነጥብ ሰባት ፓውንድ፣ ሰባት መቶ ስልሳ ሚሊሜትር። ያንን ጽሑፍ በትከሻው የሚያብስ ሰው ወዮለት!

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የማምከኛው ጌጅ ተበላሸ። ማምከኛው የቀዶ ጥገና ዕቃ በእንፋሎት ከተሕዋስያን የሚጸዳበት ወፍራም የብረት በርሜል ነው። ቀኑን ሙሉ በሩን የምትከፍተውና የምትዘጋው የጋሽ ግፊት ታናሽ እህት ናት። አዲሱ ኢንጂነር አሮጌውን ጌጅ ነቅሎ በፓውንድ የሚያነብ አዲስ ጌጅ ገጠመ። ከዚያ የማሽኑን መጽሐፍ ገለጠ። መጽሐፉ «ሁለት አትሞስፌር» ይላል። ስልኩን አወጣና አባዛው፤ ሃያ ዘጠኝ ነጥብ አራት።

እንፋሎቱ ተለቀቀ። መርፌው ሃያ እንኳ ሳይደርስ፣ ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍሰው ሴፍቲ ቫልቭ ፉጨቱን ለቀቀው። ክፍሉ ጉም በጉም ሆነ።

«ጋሼ፣ ድረስልኝ! ይሄ ነገር አብዷል!» ብላ እህቱ ጮኸች።

ጋሽ ግፊት ሲደርስ ኢንጂነሩ እንፋሎቱን ዘግቶ፣ መፍቻ ይዞ ቫልቩ አጠገብ ቆሟል።

«ስፕሪንጉ ደክሟል፤ ትንሽ ጠበቅ ላደርገው ነው» አለ።

«ኧረ እንዳይነኩት! ስንት ድረስ ሊያወጡት ነው?»

«ሃያ ዘጠኝ። መጽሐፉ ያለው ነው።»

«አሥራ አምስት ላይ ነው መቆም ያለበት፣ ኢንጂነር።»

«በምን ሒሳብ?»

ጋሽ ግፊት የተነቀለውን ጌጅ ከቆሻሻ ቅርጫቱ አውጥቶ አሳየው። ቀዩ መስመር ያለው አንድ አትሞስፌር ላይ ነው።

«መጽሐፉ ሁለት እያለ እርስዎ ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ሠሩ ማለት ነው?» አለ ኢንጂነሩ። «በሽተኞቹን እግዜር ነው የጠበቃቸው!»

የጋሽ ግፊት ደሙ ፈላ። አክብሮቱም እዚያው ቀረ።

«ስማ የኔ ልጅ! መጽሐፉ የሚቆጥረው አየር ጭራሽ ከሌለበት ባዶ ጀምሮ ነው። ከላይ የሚጫነንን አየር ራሱን አንድ ብሎ ይጀምራል። ጌጁ ግን ይህን አየር አይቆጥርም፤ የመጽሐፉ ሁለት በጌጁ አንድ ነው። ጠረጴዛው ላይ ብታስቀምጠው ዜሮ ነው የሚልህ። ዜሮ አለ ተብሎ አየር የለም? ታዲያ ምን እየተነፈስክ ነው የምትከራከረኝ?»

እህቱ ሳቋን ለመዋጥ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«በጽሑፍ የተደገፈ ነገር አለዎት?»

«በሩ ጀርባ አለ!»

«በጠመኔ የተጻፈ?»

ጋሽ ግፊት ዓይኑን ጨፈነ። «ጌታ ሆይ፣ ምላሴን ያዝልኝ» አለ በልቡ። ዓይኑን ሲገልጥ በርሜሉ አናት ላይ ያለው ቴርሞሜትር ታየው። መስተዋቱን ኖራ ስላለበሰው ማንም ዞር ብሎ አይቶት አያውቅም። በእጅጌው ወለወለው።

«መጽሐፍህ ስንት ዲግሪ ይላል?»

ኢንጂነሩ ገጹን ገለጠ። «መቶ ሃያ አንድ።»

«በል ቆመህ እይ። እንፋሎት የሚሞቀው በግፊቱ ልክ ነው፤ ዲግሪን እንኳ እዚህ ቤት ማንም ስም አልቀየረበትም።»

እህቱን ከበሩ ፊት ዘወር አደረጋትና እንፋሎቱን ቀስ እያለ ለቀቀ። መርፌው አሥራ አምስት ላይ ሲደርስ ያዘው። ሦስቱም አንገታቸውን አስግገው ጠበቁ። መቶ አሥራ ስምንት። መቶ ሃያ። መቶ ሃያ አንድ፤ እዚያው ቆመ። ቫልቩም ትንፍሽ አላለ።

ኢንጂነሩ መጽሐፉን አየ፤ መፍቻውን አየ፤ ከዚያ ሴትዮዋ በየቀኑ የምትቆምበትን ቦታ አየ።

«ቫልቩን አጥብቄው ቢሆን ኖሮ…» አለ። መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ጋሼ፣ በሩ ጀርባ ያለውን ልገልብጠው?»

«ገልብጥ። ግን ትከሻህን አርቅ!»

እሱ ሲወጣ እህቱ ከተረኛዋ ነርስ የደም ግፊት መለኪያ ተውሳ መጣችና ወንድሟን አስቀምጣ ክንዱን ጠቀለለችው።

«መቶ ስልሳ! ጋሼ፣ ላንተም ሴፍቲ ቫልቭ ያስፈልግሃል።»

ጋሽ ግፊት በልቡ አሰላ። «በፓውንድ ሦስት ብትሆን ነው። ለብስክሌት ጎማ እንኳ አትበቃም» አለ እየተነጫነጨ።

«ዝም ብለህ ተቀመጥ አንተ!»

ታዘዛት። እህቱ ጨርቁን ስትፈታለት ሁለቱን እጆቿን አያቸው። አንድም ጠባሳ የለባቸውም። «ተመስገን» አለ ቀስ ብሎ፤ እሷ ግን ስለ መቶ ስልሳው ያመሰገነ መስሏት እንደገና ለካችው።