አልጋዎን ደጅ ያወጣሉ?

ያን ቀን ባጃጄን የተኮናተረችው ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች ነርስ ናት። ቤት ለቤት እየዞረች ጭንቀት ያለበትን ሰው ትመዘግባለች። አጣዬ ላይ ቤታቸው ተቃጥሎ ሸዋ ሮቢት የገቡት ጋሽ ደምሴ ጋ ደረስን።

"ጭንቀት ይሰማዎታል?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።"

"ድብርትስ?"

"ኧረ ተመስገን ነው!"

"ጤነኛ" ብላ ልትጽፍ ስትል አላስቻለኝም። እኛ ጋ ቤቱ የነደደበትም ሰው ሲጠየቅ መጀመሪያ ያመሰግናል። ትምህርቱን ከሰባተኛ ባቋርጥም የሮቢትን ሙቀት አውቃለሁ፤ በዚህ ወር ቤት ውስጥ የሚተኛ የለም።

"ጋሼ፣ አልጋዎን ደጅ ያወጣሉ?" አልኳቸው።

መሬት መሬት አዩ። "ከመጣሁ አንድም ቀን አላወጣሁ። በሩን ቀርቅሬ፣ እንደተጫማሁ ነው የምጋደመው። ኮሽ ባለ ቁጥር እነሳለሁ።"

ነርሷ እስክሪብቶዋን መልሳ አነሳች። "አንተ ከእኔ ትሻላለህ" ስትለኝ ደረቴን ነፋሁ።

ጋሽ ደምሴ ግን ቀና ብለው "አንተስ ልጄ፣ የት ነው የምትተኛው?" አሉኝ።

"ባጃጄ ውስጥ፣ ኮሽ ካለ እንዳስነሳው ቁልፉን እንደሰካሁ" አልኩ፣ ሳላስበው።

ነርሷ አዲስ ገጽ ገለጠች። "ስምህን ማን ልበል?"