ባለ ጫማው ፊደል

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አዳማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ወደነበረው የጋሽ ዳምጤ የታፔላ ሱቅ ስገባ በእጄ የያዝኩት ምስክር ወረቀት ሳይሆን የስኳር ጆንያ ቁራጭ ነበር። ጆንያው ላይ የታተመውን ጽሑፍ ከጎኑ በከሰል አስመስዬ ጽፌዋለሁ። ጋሽ ዳምጤ ሁለቱን አስተያይተው «የቱ ነው የፋብሪካው?» አሉኝ። ሳሳያቸው ሳቁና የብርጭቆ ወረቀት ወረወሩልኝ።

«ዛሬ ፊደል የለም። ላሜራ ነው የምትፍቂው።»

ፋቅሁ። ዝገት የበላው ላሜራ እስኪያበራ ይፋቃል፤ መሠረት ቀለም ይቀባል፤ ይደርቃል፤ በክር ይሰመራል፤ በጠመኔ ይነደፋል። ብሩሽ የሚነሳው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንዱን የዘለለ ታፔላ ክረምት አይሻገርም። እኔ ግን ያን ቀን የማውቀው የጣቴን መላጥ ብቻ ነበር።

ሱቁ ውስጥ ማዕረግ ነበረ። ፋቂው ላሜራ ያዘጋጃል። ሞዪው የተነደፈውን ፊደል ሆዱን በቀለም ይሞላል። ጸሐፊው ራሳቸው ጋሽ ዳምጤ ነበሩ። እኔ ከፋቂነት ወደ ሞዪነት፣ ከሞዪነት ቀስ ብዬ ወደ ብሩሹ ተጠጋሁ። አንድ ነገር ግን እስከ መጨረሻው አልተፈቀደልኝም፦ መሰላል።

«ጋሼ፣ ሱሪ እለብሳለሁ» አልኳቸው።

«ሱሪ ለብሰሽ ብትወጪማ መንገደኛው ታፔላውን ትቶ አንቺን ያነባል» አሉ። ወንዶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

ስለዚህ ወንዶቹ ታፔላ ሲሰቅሉ እኔ አስፋልቱን ተሻግሬ ማዶ እቆማለሁ። «ግራው ወረደ! ቀኙን ዝቅ!» እያልኩ እጮሃለሁ። ለማዋረድ የተሰጠኝ ቦታ ነበር። ሙያዬን ያገኘሁት ግን እዚያው ማዶ ቆሜ ነው። የሱቁ ሰው ሁሉ ፊደልን አፍንጫው ሥር አድርጎ ሲያይ፣ መንገደኛው እንደሚያየው የማየው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጋሽ ዳምጤ ቀጭን ፊደል ይወዱ ነበር። እጃቸው ያማረ ነው፤ ይህን አልክድባቸውም። አንድ ቀን መቂ ላይ ኬክ ቤት ለከፈቱት ለአዴ ፋጡማ አንድ የሚያምር ታፔላ ጻፉላቸው። ብዙም ሳይቆይ አዴ ፋጡማ ነጠላቸውን እየጎተቱ ሱቃችን ድረስ መጡ።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ ፋጡማ?» አሉ ጋሽ ዳምጤ ብድግ ብለው።

«የምን ደኅንነት! ኪክ ሻጭ አድርገኸኝ! ከሻሸመኔ የሚመጣው ሚኒባስ ሁሉ በሬ ላይ ሲደርስ ረዳቱ አንገቱን ያወጣና ‹እናቴ፣ ምስርስ የለም ወይ?› ይለኛል!»

«እኔ ኬክ ቤት ብዬ ነው የጻፍኩት። ኬ ናት፤ ቀለበቷ እግሯ ላይ አለ።»

«ቀለበቷን አንተው ግባና ብላ! ኪክ ቤት ነው የሚለው!»

ከሞዪው ጀምሮ ሁላችንም ሳቃችንን ለመያዝ ጎንበስ አልን። እኔ ግን ምክንያቱን አውቀው ነበር። «ጋሼ፣ ትንሿ ቀለበት ከማዶ ስትታይ ትደፈናለች» አልኳቸው። «ተደፍና መስመር ትሆናለች። ኬዋ ኪ ሆና ነው የምትነበበው። ቤትም ቢት ሆኗል፤ እሱን ሰው በልማድ ያርመዋል እንጂ።»

ጋሽ ዳምጤ ብሩሹን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና «በይ አንቺ ሥሪው» አሉ። ቁጣም ነበረው፣ ፈቃድም።

ላሜራውን መልሼ ፋቅሁት። የፊደሉን እግር አወፈርኩ። የኬን ቀለበት ሰፊና ክፍት አድርጌ፣ መሬት እንደረገጠ ጫማ ወደ ፊት አስወጣሁት። የኪን መስመር ደግሞ፣ ለሌላ ታፔላ ስጽፍ፣ እንደ ተረከዝ ወደ ኋላ አሾልኩት። ከማዶ ሆነህ፣ ከሚሮጥ መኪናም ውስጥ ሆነህ፣ ኬ ኬ ናት፤ ኪ ኪ ናት። አዴ ፋጡማ መቂ ላይ ታፔላቸውን ቀና ብለው አዩና «አሁን ገና ስኳር ገባበት» አሉ።

ስም ያወጡለት እነዚያው የሚኒባስ ረዳቶች ናቸው። «ባለ ጫማው ጋ ወራጅ አለ!» ይሉ ጀመር፤ ኬክ ቤቱን ማለታቸው ነው። ቆይቶ ደንበኛ እየመጣ «ባለ ጫማ ጻፉልኝ» ማለት ጀመረ። ሞጆ፣ ባቱ፣ አርሲ ነጌሌ፣ ወዲያ ማዶ አቦምሳ ድረስ ጫማ ያላጠለቀ ታፔላ ጠፋ። የኦሮምኛውን ቁቤም ከሥሩ ስጽፍ ያንኑ ጫማ አለበስኩት፤ ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ታፔላ ላይ እንደ እህትማማች ቆሙ።

ታች ጥግ ላይ ግን «ዳምጤ አርት» ይላል። የምጽፈው እኔው ነኝ፤ የእሳቸውን ስም በእጄ።

«ጋሼ፣ ከጎኑ በትንሹ ‹ወይንሸት› ብልስ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ታፔላ የሚፈርመው ሱቁ ነው፣ የኔ ልጅ። ደግሞ ሴት ጻፈችው ከተባለ ዋጋ ይከራከሩናል።»

«የኔ ልጅ» ሲሉኝ እሸነፋለሁ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ቶሎ ትቻቸው እሄድ ነበር።

ኋላ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። በኩራት «ወይንሸት አርት» ብዬ ጻፍኩ፤ በባለ ጫማ። የመጀመሪያው ደንበኛዬ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ታፔላዬን ቀና ብሎ አየና «የዳምጤን አጻጻፍ ጥሩ አድርገሽ ቀድተሻል» አለኝ።

«እኔ ነኝ እኮ የጀመርኩት።»

«ተይ እንጂ እቴ! ከሻሸመኔ እስከዚህ ፊርማው የማን ነው?»

ፊርማውንም እኔው ጽፌዋለሁ። ከዚያ በኋላ በገዛ ከተማዬ ቀጂ ሆኜ ኖርኩ። ብሩሹ ቀርቶ ባነርና ስቲከር መጣ፤ ኮምፒውተር ያለ አስተማሪ፣ እያጠፋሁና እየመለስኩ ለመድኩ፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች ለሠርጋቸው ጥሪ ካርድ እኔ ጋ መጡ። ኑሮ ሆነ። ቀጂነቱ ግን አልለቀቀኝም።

ጋሽ ዳምጤ ካረፉ በኋላ ልጃቸው ያሬድ ማተሚያ ቤት ከፈተ። ታናሽ ወንድሜ ሰለሞን እዚያ ተቀጠረ። ዲዛይን የተማረ ነው፤ አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ደስ አለኝ። አንድ ቀን ግን አንዲት ልጅ የምረቃ ባነር ልታሠራ መጣችና ስልኳን አሳየችኝ፤ «በዚህ ፎንት አድርጊልኝ፣ ‹ዳምጤ› ይባላል፣ የያሬድ ማተሚያ ቤት ያወጣው ነው፤ አሁን ሰው ሁሉ በእሱ ነው የሚያሠራው።»

አየሁት። ኬዋ ጫማዋን አድርጋ ቆማለች። ኪዋ በተረከዟ።

ሥራዬን ጥዬ ማተሚያ ቤቱ ሄድኩ። ያሬድ ወንበር ሳበልኝ።

«እትዬ ወይንሸት፣ ፊደል እኮ የማንም አይደለም። የአባቶቻችን ነው።»

«ፊደሉ የአባቶቻችን ነው። ጫማው የእኔ ነው።»

ሳቀ፤ በክፋት አልነበረም። «አባቴን ለማስታወስ ብዬ ነው። እና ማን ይባል ኖሯል?»

«ባለ ጫማ።»

«ፎንት ባለ ጫማ ይባላል እንዴ፣ እትዬ?»

ከኋላው ሰለሞን ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል። ስክሪኑ ላይ የእኔ ኬ በነጥብ በነጥብ ታጥራ ተዘርግታለች። ከመኪና መስኮት፣ ከየከተማው፣ ታፔላዎቼን ፎቶ እያነሳ የቀዳት እሱ ነው። አንገቱን አላዞረም።

ማታ ቤት መጣ። እራት አቀረብኩለት፤ እህት አይደለሁ?

«የመቂውን ኬክ ቤት ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ፣ እታለም።»

«ማን ጻፈው?»

«አንቺ።»

«ለያሬድ ነገርከው?»

እንጀራውን ጠቅልሎ ሳይጎርሰው ያዘው። «ተቀጣሪ ነኝ እኮ፣ እታለም። ስም የሚያወጣው ባለቤቱ ነው።»

ጋሽ ዳምጤ ከመቃብር ተነስተው የተናገሩ መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አላወራንም። ስለሌላውም እንደ ድሮው አላወራንም።

ዛሬ ከአዳማ ወጥቼ ወደ ደቡብ ስሄድ መስኮት ዳር አልቀመጥም። ባንኩ፣ ክሊኒኩ፣ ጎሚስታው፣ ሁሉም የእኔን ጫማ አድርገው ያልፋሉ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው «አዳማ ውስጥ ዳምጤ የሚባል ታላቅ ጸሐፊ ነበር አሉ» ሲል «ነበሩ» እላለሁ። እውነት ነው፤ ነበሩ።

ለዚህ ሥራ አዲስ ለሆናችሁ፣ በተለይ ለሴቶቹ፣ የምለው አንድ ነው። ስማችሁን ቀለሙ ሳይደርቅ ጻፉ። ከደረቀ በኋላ ሲጠይቁት ልመና ይመስላል።

ባለፈው ዓመት የአዴ ፋጡማ ሴት ልጅ የኬክ ቤቱን አሮጌ ታፔላ አውርዳ መብራት ያለው ልታሰቅል ፈለገች። ሥራውን የያሬድ ማተሚያ ቤት ወሰደው፤ የላኩትም ሰለሞንን ነበር። አዲሱን በ«ዳምጤ» ጽፎ ሰቀለ። አሮጌውን ላሜራ ሚኒባስ ላይ ጭኖ አዳማ ድረስ አመጣውና አጥሬ ላይ አስደግፎት ሄደ። አልገባም። ስወጣ ላሜራውን አየሁት። ታች ጥግ ላይ «ዳምጤ አርት» የሚለው በብርጭቆ ወረቀት ተፍቋል፤ ላሜራው እስኪያበራ ድረስ። የእኔን ስም አልጻፈበትም።