ሩሲያና ካዛኪስታን መካነ ሰላም ላይ የታረቁ ዕለት

ባለፈው ሳምንት አብሮ አደጌ ከማል በሚነዳው ሚኒባስ ከመካነ ሰላም ወደ ወረኢሉ እየሄድኩ ነበር። የተቀመጥኩት ጋቢና ነው። ጭጋጉ ገና ከማሳው ላይ አልተነሣም፤ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ከኋላ ያሉት ሴቶች በየሃይማኖታቸው ፈጣሪያቸውን ይጠራሉ። ሬዲዮው እየተንኮሻኮሸ ስለ ካዛኪስታን ያወራል፤ ነዳጇን በሩሲያ ምድር ብቻ ከመላክ በካስፒያን ባሕር በኩልም አሻግራ ለመሸጥ እየሠራች ነው ይላል። አንዱ ተሳፋሪ ዘፈን እንዲከፍት ጠየቀ። ከማል ግን እጁን ሰድዶ የዜናውን ድምፅ ከፍ አደረገው። እሱም እኔን አላየኝም፤ እኔም እሱን አላየሁትም። ሁለታችንም ግን ወደ አንድ ቀን ተመልሰናል።

ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርን። ትምህርት ቤታችን የክርክር ውድድር አዘጋጀ፤ ያሸነፈ ደሴ ሄዶ ይወዳደራል፣ ንግግሩም በሬዲዮ ይተላለፋል ተባለ። ደሴን አይቼ አላውቅም ነበር። በዚያ ላይ ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም መጻፍ ጀምሬ አንድ ቦታ አልቀመጥ ብያለሁ። ስንኞቼን የሚሰማኝ ከማል ብቻ ነው፤ እሱም «ገጣሚው» እያለ ሊያሾፍብኝ። ንግግሬን በአራት ስንኝ ልዘጋ አሰብኩ። እነዚያ ስንኞች ከደሴ ተነሥተው በየሰዉ ቤት ሲገቡ ይታየኝ ነበር።

የጂኦግራፊ መምህራችን ለእኔና ለከማል ካዛኪስታንን ሰጡን። ባሕር በር የሌላት ሰፊ አገር ናት፤ ነዳጇ በአብዛኛው ሩሲያን አቋርጦ በሚያልፍ ቧንቧ ይወጣል፤ በምሥራቅ በኩል ቻይና አለች። ከማል ከሩሲያ መንገድ አትውጣ ብሎ ሊከራከር፣ እኔ ሌላ መንገድም ታብጅ ብዬ ልከራከር።

ያገኘሁት ጥግ ጥጉ የተቀደደ ካርታ ብቻ ነበር። እኛ ጋ ሜዳው ጥቂት ይሄድና በገደል ይቆረጣል፤ እዚያ ግን ማለቂያ የለውም አሉኝ። ስለዚህ ከአባቴ ጋር ደጎሎ ሄጄ ያየሁትን የገብስ ማሳ አሰብኩና ዳርቻውን አንሥቼለት፣ ካዛኪስታን አልኩት። የባቄላ እሸት እየፈለፈልኩ በሐሳቤ እዚያ ሜዳ ላይ እውላለሁ። ፈረሶች በነፋሱ ውስጥ ያልፋሉ። ከሥር ደግሞ ነዳጁ፣ አይቶት የማያውቀውን ባሕር ፍለጋ፣ በጨለማ ይጓዛል። ከእኔ ጋር የተመካከረ ይመስለኝ ነበር።

ውድድሩ ጥቅምት ላይ ወላጆች ባሉበት ተደረገ። ርእሰ መምህሩ እንግዳ ለማክበር ብለው ሸህ ሙሄንና ሁለት ሽማግሌዎችን ዳኛ አደረጓቸው። የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሸህ ሙሄ ደም የተቃቡ ሰዎችን ሲያስታርቁ ያረጁ ናቸው። ከፊታቸው አሸንፎ የተነሣ የለም፤ ተሸንፎ የተነሣም የለም።

ከማል ተናገረ። ቀጥዬ እኔ ተናገርኩ። ስንኞቼ ጋ ልደርስ ስል ሸህ ሙሄ እጃቸውን አነሡ።

«ለመሆኑ ሩሲያ ይህን ወሬ ሰምቷል?»

አዳራሹ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። አንደኛው ወገን በሌለበት ነገር አይታይም አሉ። መምህራችን ነገሩ ልምምድ መሆኑን ቢያስረዷቸው፣ እንግዲያው ከማል በሩሲያ ቦታ ይቀመጥ ብለው ወንበር አስመጡለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ድንበራችሁ ይረዝማል?»

«እጅግ በጣም፣ ሸሆቹ።»

«በዚያ ሁሉ ድንበር ከብት ገብቶ አያውቅም?»

ይህን የትም አላነበብኩም።

«መንገድ ማውጣትህን አልጠላሁብህም ልጄ። ግን ጎረቤትህ ከመንገደኛ ይስማው ወይስ ካንተ?» አሉና ሣር እንዳመጣ ላኩኝ።

በእኛ አገር እርጥብ ሣር ይዞ የሚመጣ ሰው እርቅ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ሌላው ሣሩን ከተቀበለ ነገሩ አለቀ። ከግቢው አጥር ሥር ነጭቼ ተመለስኩና ከማል ፊት ቆምኩ።

«ሌላ መንገድ ላወጣ ነው። ያንተንም አልተውኩም» አልኩት።

እጁ ጉልበቱ ላይ ቀረ። ከተቀበለኝ አሸናፊ የለም፤ ለእኔም ለእሱም ደሴ ቀረች። እምቢ ካለ ደግሞ በሽማግሌ ፊት ሣር የመለሰ ልጅ ተብሎ ይቀራል። በልቤ እምቢ እንዲል ተመኘሁ።

«እኔ እኮ ካንተ ብሰማው ቅር አይለኝም ነበር» አለና ሣሩን ያዘ።

ሸህ ሙሄ ዱዓ አደረጉ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አሜን አለ። መምህራችን ጠጋ ብለው ማን እንዳሸነፈ ጠየቋቸው።

«ታረቁ እኮ፣ መምህር። ደግሞ ሊያጣሏቸው ነው?»

ደሴ የሄደችው በማግስቱ መምህራኑ ራሳቸው የዳኟት ሌላ ልጅ ናት። አራቱን ስንኞች ወደ ቤት ስንመለስ ለከማል አነበብኩለት። እስኪያልቅ ሰማኝና ሁለተኛው ስንኝ እንደሚረዝም ነገረኝ። ሣሩ ገና እጁ ላይ ነበር።

ደሴን ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ፤ ያ ስንኝም እውነትም ይረዝማል። የካዛኪስታን መሪ አንዴ ሞስኮ፣ አንዴ ቤጂንግ፣ አንዴ ወደ ምዕራብ በረሩ ሲባል የሚተነትኑት ሰዎች ብልጠት ነው ይላሉ። ለእኔ ግን ከአውሮፕላን ሲወርዱ፣ በካፖርታቸው ኪስ ከዚያ ማለቂያ ከሌለው ሜዳ የተነጨ እርጥብ ሣር ይዘው ነው የሚታዩኝ። ያለ እሱ አገር ለአገር እንዴት እንደሚነጋገር እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሬዲዮው ወደ ስፖርት ዜና ተሻገረ። ከማል ድምፁን ቀነሰው። ጭጋጉ ተገፎ የመንገዱ ዳር አረንጓዴ ሆኗል።

«ለሩሲያ ነግረውት ይሆን?» አለኝ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ።

«እንጃ» አልኩት።

«ቢነግሩት ነበር ደጉ» አለና ማርሽ ቀየረ።