ዳባ ማለት ግፉ ነው

ዛሬ ጠዋት ዳልቻ አልነሳም አለች። ዳልቻ ላም አይደለችም፤ አመድማ ቀለሟን አይተን ስም ያወጣንላት አሮጌ የመስክ መኪና ናት፤ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል። የአሰላ የጥር ብርድ እንኳን የእሷን ባትሪ የእኔንም ጉልበት ይይዛል። ቁልፉን ባዞርኩ ቁጥር እንደ ሽማግሌ ጉሮሮዋን ጠርጋ ዝም ትላለች። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ በረንዳ ላይ ትጠብቀኛለች። ጢቾ ሠርግ ተጠርታለች። ልጁን የሚድረው ሰው በእሷ እጅ የተወለደ ነው፤ «እሜቴ ካልመጡ ድግሱ አይቀመስም» ብሎ ልኮባታል።

የሰፈሩ ወጣቶች ኮፈኑ ተከፍቶ ሲያዩ እንደ ልማዳቸው መጡ።

«ቲቸር፣ ይቺን መኪና ለሙዚየም አይሰጧትም?» አለኝ አንዱ። ብዙዎቹን አስተምሬያለሁና ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ቲቸር ነኝ።

«መጀመሪያ ግፋ፤ ሙዚየሙ ይደርሳል» አልኩት።

ከኋላ ተሰልፈው እጃቸውን ሲያሳርፉ የአባቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ይቺ መኪና ግቢያችን የገባችበት ክረምትም አብሮ መጣ።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት እጠብቅ ነበር። እናቴ ነርስ ናት፤ ጢቾ ጤና ጣቢያ ተመድባ እዚያው ትኖር ነበር። ከአሰላ ጢቾ ዛሬ ሩቅ አይመስልም። በዚያን ጊዜ ግን ክረምት ሲገባ ተራራው ጉም ይለብሳል፣ መንገዱ ይቦካል፣ አውቶቡሱም ይቀራል። ሰኔ ላይ እንደምንም በጭነት መኪና መጥታ ራት ቀርቦ ሳለ፣ ጎርሳ እንኳን ሳትጨርስ፣ «እስከ አዲስ ዓመት ነው የምታገሠው። ባልና ልጄን እንደ ዘመድ በዓል ለበዓል እያየሁ አልኖርም። ሥራውን እተወዋለሁ» አለች። ሥራዋን እንደምትወድ እናውቃለን፤ ያዋለደቻቸውን ሕፃናት ስም ከነእናቶቻቸው እየጠራች የምታወራ ሴት ናት።

አባቴ እንጀራውን አስቀምጦ «አትተዪውም» አለ። እሷ በተመለሰች ሰሞን አንድ መሥሪያ ቤት ሣር የበቀለባትን ዳልቻን በጨረታ አወጣት፤ አባቴ ገዛት። ሞተሯ የሞተ ስለሆነ ወደ ግቢያችን ያስገቧት የጎረቤት በሬዎች ናቸው። መንደርተኛው በአጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

አባቴ ጎጃሜ ነው። በመንግሥት ሥራ ተመድቦ አሰላ መጣ፣ እናቴን አገባ፣ በዚያው ቀረ። ቢሮ ከመግባቱ በፊት የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ አገር ላገር ዞሯል፤ ስለዚህ ጣሊያንን በካርታ እንኳን ሳያይ በጣሊያንኛ መኪና ይፈታል። ካንዴላው፣ ካቻቢቴው፣ ጋርኒሲዮኑ ከአፉ እንደ ውሃ ይፈሳሉ። ኦሮምኛ ላይ ሲደርስ ግን ምላሱ ይታሰራል። የጎልማሳነት ዕድሜውን ሁሉ አርሲ ኖሮ የጎረቤት ሰላምታ እንኳን ያደናቅፈው ነበር። እኔ ከሰፈር ልጆች ጋር ስላደግሁ ሁለቱም ቋንቋ እኩል ይቀናኛል። ስስቅበት «ሳቂ፣ ሳቂ፤ መኪና የሚነሳው በቋንቋ አይደለም» ይለኝ ነበር። ተሳስቷል።

ሐምሌንና ነሐሴን ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ዋልን። በመጀመሪያ ያጋጠመን እንቅፋት ዶሮ ነበረች፤ የኋላው ወንበር ላይ እንቁላሏን ታቅፋ ተቀምጣለች። አባቴ እስክትፈለፍል ድረስ ያንን ወንበር የሚነካ እንዳይኖር አዘዘ፤ እኛም ከፊት ጀመርን። ሞተሩን ፈታን፤ እያንዳንዱን ብረት በነጭ ጋዝ አጠብኩ። በብረትና በብረት መሃል የሚገባውን ጋርኒሲዮን ከወፍራም ካርቶን በመቀስ ቀደድን። ራዲያተሩ ሲያንጠባጥብ የእንቁላል ነጭ ጨመርንበት፤ ዶሮዋ ኪራይዋን ከፈለች አልኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ እየበላን እንጠብቃለን። እጄ ግሪስ ግሪስ እየሸተተ የበላሁት ድንች ጣዕሙ አሁንም ምላሴ ላይ አለ። የፊት ጎማዎቹን ከሞተሩ ጋር የምታገናኘውን ትንሿን ማርሽ ዝገቷን አስለቅቄ የቀባኋት እኔ ነኝ፤ እስካሁን ይቺ የእኔ ናት እላለሁ።

ሞተሩን ገጥመን ስናበቃ አንድ ብሎን ተረፈ። እኔ ኪሴ ልከተው ነበር። አባቴ ብሎኑን እያገላበጠ አይቶ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለና እንደገና መፍታት ጀመረ። ነሐሴ እያለቀ ነበር። ሁለተኛ ስንገጥማት ግን ዳልቻ አስነጠሰች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ያዘች። ጫጩቶቹ በየአቅጣጫው ተበተኑ። አባቴ ኮፈኑን እንደ ፈረስ አንገት መታ መታ አደረገና ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። እንባውን እንዳላየሁ ሆንኩ።

ጳጉሜን ላይ፣ ሰማዩ ትንሽ ገለጥ ሲል፣ ጎህ እንደቀደደ ወጣን። ከተማውን ለቀን ሽቅብ ስንወጣ የገብሱ ማሳ አረንጓዴ ነው፤ አደይ አበባም በየድንበሩ ብቅ ብቅ ብሏል። አባቴ ያፏጫል። ተራራውን ተሻግረን ቁልቁል ወርደን፣ ጢቾ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን፣ ሜዳው ላይ ጎማ የሚይዝ ጥቁር መረሬ መሬት ጠበቀን። ዳልቻ በኋላ እግሮቿ ቁጢጥ አለች።

ከማሳቸው ላይ ያዩን ገበሬዎች ሳይጠሩ መጡ። ትልቃቸው ኦቦ ገመዳ የሚባሉ፣ ነጭ ጥምጥም ያሰሩ ሽማግሌ ናቸው። እኔም ወርጄ ከእነሱ ጋር ከኋላ ቆምኩ። አባቴ ከመሪው ላይ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ የሚያውቃትን አንዲት የኦሮምኛ ቃል በሙሉ ኃይሉ ወረወራት።

«ዳባ! ዳባ!»

ለመግፋት የጎነበሱት ሁሉ ቀጥ አሉ። ሞተሩ ጮኸ፤ ጎማው ጭቃ ረጨን፤ ዳልቻ የባሰ ሰመጠች። እንደገና ጎነበስን። «ዳባ! በርቱ እንጂ! ዳባ!» እንደገና ቀጥ አሉ። አባቴ መቆጣት ጀመረ።

ኦቦ ገመዳ ከፂማቸው ላይ ጭቃ እየጠረጉ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ይሄ አባትሽ ምን ሆኗል? እኛ ስንገፋ አቁሙ ይላል፣ ስናቆም ይቆጣል።»

ያን ጊዜ ገባኝ። በኦሮምኛ ግፉ ለማለት ዲባ ነው የሚባለው። ዳባ ማለት አቁሙ ነው። እየሳቅሁ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ለሰዎቹ ስነግራቸው እነሱም ተንከተከቱ።

ኦቦ ገመዳ መስኮቱን አንኳኩና በአማርኛ ተናገሩት። «ጌታው፣ አንተ ውረድና ግፋ። ልጅቷ ትንዳ። እሷ ቋንቋ ታውቃለች።»

«መንዳት ግን አታውቅም እኮ!» አለ አባቴ።

«አንተ ታውቅ የለም እንዴ? ይኸው እዚሁ ነህ።»

መሪውን ለቅቆልኝ ወረደ። ግቢያችን ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ከማለት በቀር ነድቼ አላውቅም። ፍሪሲዮኑን ረገጥኩ፤ ትንሿን ማርሽ፣ የእኔዋን፣ ወደፊት ገፋኋት። ቀጭ ብላ ገባች። «ዲባ!» አልኩ። አራቱም ጎማዎች ባንድነት መሬቱን ሲነክሱ በወንበሩ በኩል ተሰማኝ። ዳልቻ ተንፏቀቀች፤ ወጣች። አባቴ የሚገፋው ነገር ከእጁ ሲያመልጥ በፊቱ ተደፋ። ከኋላዬ ሰዉ ሁሉ «ዳባ! ዳባ!» እያለ ይጮኻል። አሁን ሲስቁበት የነበረው ቃል ስለሆነ ያበረታቱኝ መስሎኝ ነዳጁን ጨመርኩ። አባቴ ከጭቃው ተነስቶ እየሮጠ «ኧረ አቁሚ! ባማርኛ አቁሚ!» ሲል ነው የነቃሁት።

ጤና ጣቢያው ደጃፍ ስንደርስ እናቴ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ብቅ አለች። አባቴ ከዓይኑ በቀር የሚታይ ነገር የለውም። ገና ሲወርድ ክንዱን ደገፈችና፣ ለማያውቁት ሰው በሚነገር የዋህ ድምፅ፣ «አይዞዎት አባቴ፤ የት ላይ ነው የሚያምዎት?» አለችው።

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ።

መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ አደረገቻቸው። ራሷ ውሃ አሙቃ ፊቱን አጠበችው። ቤቷ ስንገባ ሣጥኗ በገመድ ታስሮ በር አጠገብ ቆሟል፤ ከበዓሉ በኋላ ላትመለስ ለአለቃዋ ነግራ ነበር። አባቴ ሣጥኑን አየ፤ ሊሸከመው ጎንበስ አለ። እጁን ያዘችው። ቋጠሮውን በጥርሷም በጥፍሯም ፈታችና ገመዱን ጠቅልላ ሰጠችው።

«መኪናዋ ላይ አድርገው» አለችው። «ስትመላለሱ ለመጎተቻ ይሆናችኋል።»

ተመላለስን። እናቴም ጡረታዋ እስኪደርስ ጢቾን አልለቀቀችም። አባቴ ካረፈ ቆየ፤ ገመዱ ግን ተበጣጥሶም እየተቀጠለ አሁንም ከወንበሩ ሥር አለ። ዳልቻን የማልሸጣት ለዚህ ነው። አንዳንዱ ቤተሰብ በጸሎት ይጸናል፤ የእኛ በጸሎትም፣ በግሪስም፣ ተሳስቶ በተጠራ አንድ ቃልም ጸንቷል።

ይኸው ዛሬም ወጣቶቹ ተሰልፈዋል። አሰላ ቁልቁለት ናት፤ ትንሽ ከገፏት መንገዱ ራሱ ይቀበላታል። እናቴን ደግፌ ከፊት አስቀመጥኳት። ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ረገጥኩ። አፌን ከመክፈቴ በፊት እሷ ያንን የደከመ አንገቷን በመስኮት አወጣችና በአባቴ ጎጃምኛ ጮኸች።

«ዳባ!»

ከወጣቶቹ አንድም እጁን ከመኪናዋ ያነሳ አልነበረም። ሁሉም ኦሮምኛ ከእናታቸው ጡት ጋር የጠቡ ናቸው፤ ቃሉ በአርሲ ምድር ሁሉ አቁሙ ማለት እንደሆነ አሳምረው ያውቃሉ። እዚህ ሰፈር ግን ምን ማለት እንደሆነም ያውቃሉ። ገፉ።