የአቃቂዋ ግግ አውጪ የተማሩበት ቀን

ባለቤቴ ካረፈ ስምንት ወሩ ነው። ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አልሄድኩም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ግን ልጄ ሰናይት «እማዬ፣ ሳልወልድ ድረሽልኝ» ብላ ስለላከችብኝ ከለገሃር አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ሰናይት አቃቂ ከባሏ እናት ከወይዘሮ በለጡ ጋር ትኖራለች። ወይዘሮ በለጡ በሰፈሩ የታወቁ ግግ አውጪ ናቸው። ሕፃን ሲያስቀምጠው «ድዱ ውስጥ ትል አለ» ብለው በመርፌ ፈልቅቀው ያወጣሉ። የሰናይትን የመጀመሪያ ልጅ ማርታንም እንዲሁ አድርገዋት፣ ድዷ አመርቅዞ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ልጄ ለሚመጣው ሕፃን ፈርታለች፤ አማቷን ደፍራ መናገር ግን አልቻለችም።

ቃሊቲን ስናልፍ ከሐዲዱ ማዶ የጤፉ ማሳ ቢጫ ሆኗል፤ ከበላዩ የፋብሪካ ጭስ ይታያል። አጠገቤ የተቀመጠ ሠራተኛ ጥቁር ልብሴን አይቶ ዘንቢሌን እስክወርድ ድረስ ጉልበቱ ላይ ያዘልኝ።

ከሰዓት፣ ቀበሌው አዳራሽ

እርጉዞች ስለ ሕፃን አያያዝ እንዲማሩ ከነባሎቻቸው ተጠርተዋል። የሰናይት ባል ሥራ ላይ ስለነበር እኔ ማርታን ይዤ አብሬያት ገባሁ። ወይዘሮ በለጡም መጡ። አስተማሪዋ ነርስ ሲስተር አልማዝ ቤታቸው ድረስ ሄዳ «ያወጡትን ትል ይዘው ይምጡ» ብላቸው ኖሯል።

ሲስተር ከእንገር ጀመረች። «ቢጫው ወተት አይደፋም። ለአራስ ልጅ ቅቤ አታስውጡ፤ እንደተወለደ ጡት ይያዝ።» የስኳር ውሃ ጡጦ ታቅፎ የሚተኛ ልጅ ጥርሱ እንደሚበሰብስም ነገረችን።

«ታዲያ እኛ ወንዶቹ ምን ልናጠባ ተጠራን?» አለ አንዱ።

«የምታጠባዋን ታበላለህ። ሽሮ መሥራት ታውቃለህ?»

«ኧረ ክብሪቱ የት እንዳለም አያውቅም» አለች ሚስቱ። አዳራሹ ሳቀ።

ወይዘሮ በለጡ ከመቀነታቸው ብጣሽ ጨርቅ ፈቱ። «ይኸው ትሉ። ሐሰት ነው እንዳትይኝ።»

ሲስተር አልተከራከረችም። «እስቲ በጥፍርዎ ይጫኑት፣ እማማ።»

ተጫኑት። «ጠንካራ ነው።»

«ትል ቢሆን ደርቆ ይፈረፈር ነበር። ይሄ ሳይወጣ የተነቀለ ጥርስ ነው። የማን ነበር?»

ወይዘሮ በለጡ ወደ ሰናይት ዞሩ። ሦስት ዓመት የሞላትን ማርታን አፏን አስከፍተው የክራንቻዋን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱት። ባዶ ነው።

«የሷ ነው» አሉ።

እኔ ብሆን ያን ጊዜ የሆዴን ሁሉ አወርድባቸው ነበር። ሲስተር ወንበሯን አጠገባቸው ሳበች። «እናቶች ሲጨንቃቸው የሚሮጡት ወደ እርስዎ ነው፣ እኔ ጋ አይደለም። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ሲመጣ፣ ጡቱ ሳይቋረጥ ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩልኝ።»

«ይስቁብኛል።»

«አብረን ሆነን ማን ይስቅብናል?»

ወይዘሮ በለጡ ጥርሱን መልሰው በጨርቁ ቋጠሩት።

ሰኞ ጠዋት

ገና ቁርስ ላይ ሳለን አንዲት ጎረቤት የሚያለቅስ ሕፃን ይዛ ገባች። «ሦስት ቀን አስቀመጠው፤ ግግ ነው መሰለኝ፣ ይዩልኝ።»

ሰናይት እጄን ያዘች። ወይዘሮ በለጡ ልጁን ተቀብለው ድዱን ረጅም ጊዜ አዩት።

«ጥርሱ ነው» አሉ። «አይነካም። ሰናይት፣ ነጠላዬን አቀብዪኝ። ጤና ጣቢያ እወስዳቸዋለሁ።»

ሰናይት አውቶቡስ ድረስ ስትሸኘኝ መንገዱን ሙሉ አወራች። ስመጣ እንዲህ አልነበረችም።

ቤቴ የገባሁት ከምሳ በፊት ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ በቀስታ ልነግረው እችል የነበረውን ስንት ነገር በቁጣ ነግሬዋለሁ። ሲስተር አልማዝን ካየሁ በኋላ ይህን ሳስብ ዋልኩ። ሰናይት ስትወልድ እዚያው ልሰነብት ነው። ወይዘሮ በለጡን የምነግራቸው ነገር ቢኖር አጠገባቸው ተቀምጬ እነግራቸዋለሁ።