ያለ ሳፋ ወንዝ ዳር

ጂንካ ውስጥ ሴት ልጅ ወንዝ ዳር ያለ ሥራ አትቀመጥም። ጄሪካን ይዛ ወይም ልብስ በሳፋ ተሸክማ ትወርዳለች፤ ስትጨርስ ትመለሳለች። ወንዶቹ ድንጋይ ላይ ተጋድመው ሲውሉ ግን ምን ትሠራላችሁ የሚላቸው የለም።

እኔ ወፍ ማየት እወዳለሁ። ከሰፈራችን በታች፣ ኔሪ ወንዝ የሚታጠፍበት፣ ትልልቅ ሾላ የበቀለበት ቦታ አለ። አጥርም ጥበቃም የለውም፤ የሰፈሩ ሰው ግን ፓርክ ይለዋል። ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን ቁልቁል ለቀው ከላይ ይቀመጣሉ። ውሃው ላይ ባዘነበሉት ቅርንጫፎች ቢጫ ወፎች ሣር እየቋጠሩ ጎጆ ይሠራሉ። ወንዱ ሲጨርስ ሴቷ መጥታ ትመረምረዋለች። ካልወደደችው ትታው ትበራለች። ጥቁርና ነጭ የሆነው ዓሣ አጥማጅ ወፍ ደግሞ አየር ላይ ቆሞ ክንፉን ያርገበግብና ድንገት ውሃው ውስጥ ይወረወራል። ብዙ ጊዜ ባዶ አፉን ነው የሚወጣው። አያፍርም፤ ተመልሶ ይወጣና ደግሞ ይሞክራል።

ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት አልቀጠልኩም። የምኖረው ከአክስቴ ጋር ነው፤ ገበያ ላይ ጎደሬና ሙዝ እንሸጣለን። ሰው ሲያየኝ አንገቴን የምደፋ ነኝ። ስለዚህ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ወፎቹ ስወርድ ሳፋ እይዝ ነበር። የቆሸሸ ልብስ ከሌለ ንጹሑን ከሣጥን አውጥቼ አጥባለሁ። የሚቆጨኝ ሳሙናው ብቻ ነው።

አንድ እሁድ አጠገቤ የምታጥብ ጎረቤታችን እጄን አየችና፣ «አንቺ ልጅ፣ አረፋሽ ምነው ነጣ? ይሄ ሻሽ ባለፈውም ታጥቧል» አለችኝ። ሻሹን ጨምቄ ሳፋው ውስጥ ጣልኩት። ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል።

«ሰውየው ማነው?» አለች አክስቴ።

«ሰው የለም።»

«ታዲያ ማንን ልታዪ ነው የምትወርጂው?»

«ወፍ።»

አክስቴ ስትናደድ አማርኛውን ትታ በአሪኛ ነው የምትናገረው። ያን ቀን እስኪመሽ በአሪኛ ተናገረች። ስሜ ከጠፋ ማን እንደሚያገባኝ ጠየቀችኝ።

በሚቀጥለው እሁድ ግን ለዘብ አለች። ሳፋውን ራሷ አምጥታ ሰጠችኝ። «አንድ ነጠላም ብትሆን ጣይበት። ሰው ሲያይሽ ሥራ ላይ ናት ይበል።»

ለእሷ ትልቅ መሸነፍ ነበር፤ ገብቶኛል። እጄንም ዘርግቼ ነበር። ግን ያንን ሳፋ ከተቀበልኩ፣ ዕድሜ ልኬን ደስ የሚለኝን ነገር በእርጥብ ልብስ ስሸፍን መኖሬ ነው።

«አልይዝም» አልኳት።

«እንግዲያው ቁጭ በይ።»

«እሄዳለሁ።»

«ባዶ እጅሽን ከሄድሽ አንድ ማዕድ አንቀርብም።»

ወጣሁ። እጆቼን የት እንደማደርጋቸው አላውቅም ነበር፤ አንዴ ደረቴ ላይ፣ አንዴ ቀሚሴ ላይ። ወንዙ ጋ ጎረቤታችን ከሴቶቹ ጋር ታጥባለች።

«ዛሬ ሳፋው የት ሄደ?» አለችኝ።

«ቤት ነው።»

«ምን ልትሠሪ መጣሽ ታዲያ?»

«ወፍ ለማየት።»

«እንግዲህ ጥሎሹ ላባ ነዋ» አለች፤ ሴቶቹ ሳቁ።

«ወፉ ጎጆውን ሠርቶ ያስመርጣል። የእናንተዎቹ አስመርጠዋል?» አልኩ። ድምፄ ከራሴ የወጣ አልመሰለኝም። አንዷ ሳቋን በእጇ አፈነች። ጎረቤታችን ልብሷን ድንጋይ ላይ ከበፊቱ አጥብቃ መታችው።

ሾላው ሥር፣ ሁሉም በሚያየኝ በኩል ተቀመጥኩ።  ፀሐይዋ ወደ ተራራው እስክታዘነብል አልተነሳሁም።

ስመለስ አክስቴ በልታ ጨርሳለች። የኔን ጎደሬ በሳህን ከድና አስቀምጣዋለች። ከዚያ ወዲህ እሁድ ራት ለየብቻ ነው። በሌላው ቀን አብረን እንበላለን፣ አብረን ገበያ እንወጣለን፤ እሁድ ሲሆን ፊቷን ታዞርብኛለች። ይከፋኛል፤ አክስቴን እወዳታለሁ። ግን እሄዳለሁ። ጎደሬ ሲበርድም ይበላል።