በሚጮህ ጆሮ ወደ ብልባላ

ከወልድያ የተነሣሁት በጥር መጨረሻ፣ ሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የያዝኩት ጋቢ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የቀበሌ የይለፍ ወረቀት፣ ዎክማን ከነማዳመጫው፣ አራት የባትሪ ድንጋይና አንድ ካሴት ነበር። የምሄደው ከላሊበላ ማዶ ወዳለችው ብልባላ ነው፤ የምፈልገው ደግሞ አንድ የዜማ መምህር ነው።

ምክንያቱን ባጭሩ ልናገር። ታላቅ ወንድሜ መኳንንት አሰብ ወደብ ላይ ጸሐፊ ነበር። እዚያው ወባ ይዞት ሞተ። እኔ ስነሣ ዓመቱ ሊሞላ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ከዕቃው ጋር ዎክማኑ መጣልን፤ ውስጡ በጓደኛው ቴፕ ራሱን የቀረጸበት ካሴት ነበር። በልጅነቱ ብልባላ ዜማ ተምሮ ስለነበር ካሴቱን ሙሉ ያዜማል። መጨረሻው ላይ አንድ ሃሌ ሉያ ያዜምና ያቆማል። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «እዚች ቦታ ላይ ሁሌም እጠራጠራለሁ። ፈቃድ ሳገኝ ሄጄ የኔታን እጠይቃለሁ» ይላል። ካሴቱ እዚያ ላይ ያልቃል።

እናቴ አንድ ቀንም አልሰማችውም። «ልጄን በሽቦ አልሰማም» ብላ እምቢ አለች። እኔ ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ እሰማለሁ፤ ስተኛም እሰማለሁ። ያቺ የመጨረሻዋ ቦታ ዝግ ያለች ስለሆነች ድምፁን እስከ ጥጉ እከፍተዋለሁ። እንዲህ ስድስት ወር አለፈ። አንድ ቀን ማዳመጫውን ሳወልቅ ጆሮዬ ውስጥ ጭርርር የሚል ነገር ቀረ። ካሴቱ ያላለቀ መስሎኝ ዎክማኑን አየሁት። ቆሟል። ጩኸቱ ግን አልቆመም። ይህን ስጽፍም አልቆመም።

የጤና ረዳቱ ጆሮዬን በባትሪ አየና «የሚድን አይመስለኝም። እንዳይብስ ግን ማድረግ ትችላለህ። ወይ ማዳመጫውን ተው፣ ወይ ዝቅ አድርገው» አለኝ። ዝቅ ሳደርገው ደግሞ ያቺን ቦታ ጩኸቱ ይሸፍንብኛል። ፈራሁ። ጆሮዬ ሳይብስ፣ ተዝካሩም ሳይደርስ፣ የወንድሜን ጥያቄ ለየኔታ ላድርስ ብዬ ተነሣሁ።

ጋሸና

ስኳር የጫነ መኪና ላይ በስድስት ብር ተሳፈርኩ። ድልብን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ሞተሩ ያጓራ ጀመር። ከኩንታሎቹ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ በጩኸቱ ይማረራል። እኔ ግን የጆሮዬን ጩኸት ስለዋጠልኝ ደስ አለኝ፤ እንቅልፍም ወሰደኝ። የመኪናው ረዳት ቀስቅሶ «አንተ፣ አልጋ ልናስከፍልህ ነው» አለኝ።

ጋሸና ነፋሱ ሰው ይገፋል። አንድ ቤት ገብቼ ሽሮ በአንድ ብር በላሁ። ኬላው ላይ ፍተሻ ነበር። ጠባቂው ዎክማኑን አገላበጠው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ካሴት ማጫወቻ ነው።»

«ሽቦውስ? ከማን ጋር ነው የምትነጋገርበት?»

«ከማንም ጋር። መስማት ብቻ ነው የሚቻለው።»

አላመነኝም። ማዳመጫውን ራሱ ላይ ደፋው፤ እኔም ከፈትኩለት። ወዲያው «ይህ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነው እንዴ!» ብሎ ጮኸ። ፊቱ ቆሜ ሳለሁ ገደል ማዶ ያለሁ ያህል ነው የሚጣራው። «ማነው የሚያዜመው?» አለ አሁንም እየጮኸ። ወንድሜ ነው አልኩት። «አልሰማህም! ጮክ በል!» ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ። ያኔ ማዳመጫውን አወለቀ፣ ግራ ቀኝ አየና ቀስ ብሎ «ድምፁ ደግ ነው፤ ሂድ» አለኝ።

ላሊበላ

የላሊበላው መንገድ በበጋ ብቻ የሚሠራ፣ አቧራው እስከ ጉልበት የሚደርስ ነው። ጋሸና አድሬ ማክሰኞ ወደ ማታ ደረስኩ። ረቡዕ ጠዋት ከገበያው በታች አያ ሲሳይ የሚባሉ የብልባላ ገበሬ አገኘሁ። ጨውና ላምባ በሁለት አህያ ጭነው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ነው። አብረን ወጣን።

መንገዱ ሙሉ ቀን ይፈጃል። እህሉ ታጭዷል፤ በየአውድማው ጭድ ይበተናል። ሰው ከአውድማው ሆኖ «እንደምን ዋላችሁ!» ሲለን አያ ሲሳይ ሳይቆሙ መልስ ይሰጣሉ። ዝም ሲሉ ግን አገሩ ጸጥ ስለሚል የኔ ጭርርር ይነሣል። ስለዚህ ወሬ እንዲያወሩልኝ ለመንኳቸው፤ ምክንያቱንም ነገርኳቸው።

«ጆሮ ሲጮህ ሰው እያማህ ነው» አሉኝ።

«አራት ወር ሙሉ፣ አያ ሲሳይ?»

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲህ የሚያማህ ሰው ሥራ የለውም ማለት ነው። አብሽር፣ ሲደክመው ይተወዋል።»

ከዚያ በኋላ በሬያቸው እንዴት ገደል ገብቶ እንደተረፈ፣ ጎረቤታቸው አጥር እንዴት እንደገፋባቸው ሲነግሩኝ ብልባላ ደረስን።

ብልባላ

የኔታ አጭር፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ጎጇቸው ደጅ ላይ ባለው ዛፍ ሥር ጢማቸው የወጣ ሰባት ስምንት ተማሪዎች ተቀምጠዋል። መስቀል ተሳልሜ የማን ወንድም እንደሆንኩ፣ መኳንንትም መሞቱን ነገርኳቸው። አልሰሙም ነበር። መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት።

«ድምፁ ቀጭን ነበር» አሉ። «ገና ሲመጣ ፍየል ነው ብለነው ነበር። በኋላ ነው ያሸነፈን።»

ካሴቱን እንዲሰሙት ማዳመጫውን በጥምጥማቸው ላይ አጠለቅሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው መቋሚያቸውን ቀስ እያሉ መሬት ላይ መምታት ጀመሩ። መሃል ላይ የመርከብ ጡሩምባ አለ፤ ደነገጡ። ምን እንደሆነ ስነግራቸው «መርከቡ አብሮ ለመግባት ቸኩሏል» አሉና ቀጠሉ።

መጨረሻዋ ቦታ ሲደርሱ እጃቸውን አነሡ። «ቁም!»

በዜማ ቤት መምህሩ ቁም ሲሉ ተማሪ ይቆማል፤ እርማቱን ይቀበላል፤ ሦስት ጊዜ ይደግማል። ካሴቱ ግን አልቆመም። የኔታ መቋሚያቸውን መሬቱ ላይ መቱ። «ቁም አልኩህ እኮ፣ መኳንንት!»

ተማሪዎቹ ቀና አሉ። እኔ ማቆሚያውን ተጫንኩት፤ ቀጭ አለ። የኔታ ዓይናቸውን ገለጡ። ማንን እንደተቆጡ ያኔ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ማዳመጫውን ቀስ ብለው አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ልጅ ሳለም እዚችው ላይ ይዘልብኝ ነበር» አሉ። «ርክርክ ያደርጋታል። ርክርክ አይደለችም፤ ድፋት ናት። ድምፁ መንቀጥቀጥ የለበትም፤ ዝቅ ብሎ መውደቅ ነው ያለበት።»

ጥያቄው ተመለሰ ብዬ አመሰገንኩና ልነሣ ስል፣

«የት ልትሄድ ነው?» አሉኝ። «እርማት ሳይደገም ከዚህ ቤት አይወጣም። እሱ መድገም አይችልም። አንተ ድገምለት።»

«የኔታ፣ እኔ ዜማ አላውቅም። የተማርኩት የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው።»

«እሱንማ ፊትህ ላይ አየሁት።»

ሞከርኩ። አንድ ተማሪ «የአያ ሲሳይ አህያ ተፈታች?» አለ፤ ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። የኔታ ግን አልሳቁም። ደጋግመው አሰሙኝ። ድፋቷ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው በጣም ዝቅ ስለሚል እኔን የሚሰማኝ የራሴ ጭርርር ብቻ ነው። በመጨረሻ አፍሬ ስለ ጆሮዬ ነገርኳቸው።

«በምን ይጮኻል?» አሉኝ። «በግዕዝ ነው፣ በዕዝል ነው ወይስ በአራራይ?»

የዜማ ስልቶቹን ስም መጥራታቸው ቀልድ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ይጠብቃሉ። እንደምንም ጩኸቱን በአፌ አስመሰልኩት። ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ።

«በአንዱም የለም። ዜማ አይደለም። የኔም እንዲህ ነው።»

«የእርስዎም?»

«ከከበሮ ሥር ስቆም ነው የኖርኩት፣ ምን ይደንቅሃል? መጀመሪያ ስከታተለው እውል ነበር። እሱን ስሰማ ተማሪ እየተሳሳተ ያመልጠኝ ጀመር። ከዚያ ተውኩት። እሱ ይጮኻል፣ እኔ አስተምራለሁ። ና፣ እጅህን አምጣ።»

መዳፌን ደረታቸው ላይ አስቀምጠው አዜሙ። ድፋቷ ላይ ሲደርሱ አጥንታቸው ውስጥ አንድ ነገር ወደ ታች ሲወርድ በእጄ አወቅሁት። ጆሮዬ ያልሰጠኝን እጄ ሰጠኝ። በማግሥቱም እንዲሁ ሳደርግ ዋልኩ። ዓርብ ጠዋት ሦስት ጊዜ ሳላበላሽ ደገምኩ። አህያ ያለኝ ተማሪ አሁን አልሳቀም። የኔታ መቋሚያቸውን አንድ ጊዜ መሬት ላይ መቱና «አሁን መኳንንት ታረመ» አሉ።

ይምርሐነ ክርስቶስ

ስመለስ ይምርሐነ ክርስቶስን ልሳለም ወጣሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ዋሻ ውስጥ ነው፤ ያን ሰዓት ሰው አልነበረበትም፤ ነፋስም አይገባም። እንደዚያ ያለ ጸጥታ አላውቅም፤ ጆሮዬም እንደዚያ ጮሆ አያውቅም። ከዚያ በፊት ቢሆን ሮጬ እወጣ ነበር። እዚያ ግን እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ድፋቷን በልቤ አወረድኳት። ጩኸቱ አልጠፋም። ለካ ሁለቱ አንድ ላይ መኖር ይችላሉ።

ወልድያ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገባሁ። አሁን ዎክማኑን የምሰማው ድምፁን ከሦስት ሳላሳልፍ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው፤ እሑድና ረቡዕ ጆሮዬን አሳርፋለሁ። ስተኛ ቀጭ ቀጭ የምትል የደወል ሰዓት ራስጌዬ አስቀምጣለሁ፤ ከዝምታ ትሻለኛለች። ይህን ያህል ለማወቅ ብልባላ መሄድ አስፈልጎኛል።

ያን ቀን እግሬን ሳልታጠብ ለእናቴ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። የኔታ ካሴቱን «ቁም አልኩህ» እንዳሉት ስነግራት እስከ እንባዋ ሳቀች። እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና «እስቲ አምጣው» አለችኝ።

ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጌ ዝቅ አድርጌ ከፈትኩላት። ምን ላይ እንደደረሰ ከፊቷ አውቀዋለሁ። ደንገጥ ስትል የመርከቡ ጡሩምባ ነበር መሰለኝ፤ ወዲያው ፈገግ አለች። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ከንፈሯን ነከሰች። «የኔታን እጠይቃለሁ» ሲላት ነው። እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ሃሌ ሉያውን ጀመርኩ።

እናቴ የግራውን ማዳመጫ ከጆሮዋ ገፋ አደረገችው። የቀኙን አልነካችውም።

«ድምፅህ የሱን አያህልም» አለች ስጨርስ።

«አውቃለሁ፣ እማዬ።»

«ሦስት ጊዜ አይደል የሚደገመው? ድገመው። ይኸኛው ጆሮዬ ላንተ ነው።»